መጋረጃውን ክፈቱልኝ

እህቴ ሳናኤ ትራም ትነዳለች። እኔ ደግሞ ከትራሞቹ ማደሪያ በር ፊት ለፊት የምሳ ሣጥን እሸጣለሁ፦ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የእንቁላል ጥቅል፣ ከመሀሉ አንድ ፍሬ የኮመጠጠ ፕለም። ሾፌሮቹ ሁሉ ደንበኞቼ ናቸው። ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ ማን ሲጠጣ እንዳመሸ ሣጥኑን ሲቀበል ከፊቱ አውቃለሁ። የእናቴን ልጅ ሕመም ግን የሰማሁት ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። ሳናኤ ሁሉን ነገር ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት ናታ! ልጆች ሳለን እኔን እሾህ ከወጋኝ ሰፈሩ እንቅልፍ አልነበረውም። እሷ ክንዷ ተሰብሮ ራቷን በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ ከዚያ ነው «እማዬ፣ ይቅርታ፣ ክንዴ ትንሽ እምቢ አለኝ» ያለችው።

ሕመሙ የፊኛ ነበር። ሽንት ገና ጥቂት ሲጠራቀም ከእምብርቷ በታች እንደ ቃጠሎ ይለበልባታል፤ ሸንታ ስትመለስ ፋታ ይሰጣታል፤ ወዲያው ደግሞ ይጀምራታል። የሽንት ምርመራው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጀርም የለም። መድኃኒት ቤቱ የሰጣትን ሁሉ ውጣለች። እኔም ሕመሟን ሳላውቅ፣ ፊቷ ቢገረጣብኝ እውቀት አለኝ ብዬ በየጠዋቱ የመንደሪን ጭማቂ እየጨመቅኩ አጠጣት ነበር፤ ለካ ኮምጣጣ ነገር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። እሷ ግን «አመሰግናለሁ እትዬ» ብላ ትጨልጠዋለች። በመጨረሻ የዘየደችው ዘዴ በሥራ ቀን አንዲት ጠብታ ውሃ አለመጠጣት ሆነ። የባሰ አቃጠላት።

ነገሩ የወጣው በጥር አንድ ቀን ነው። ትራሟ ሰው ጢም ብሎባት ወደ ወደቡ ስትወርድ፣ ከመሀል መንገድ ባለ ፌርማታ ላይ አቆመች፤ ወደ ተሳፋሪው ዞራ እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ወርዳም አጠገቡ ወዳለ ሱቅ ሽንት ቤት ሮጠች። ተሳፋሪው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ግን ከመካከላቸው አንዱ ቢሮ ደወለ። በእኛ በጃፓኖች አገር ሰው ቢሞት ይቀበራል፤ ትራም ከዘገየ ግን ስብሰባ ይጠራል።

አለቃቸው አቶ ቶጋሺ አስጠራት። ቶጋሺ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ መስደብ ይቀለኛላ። ልስልስ ባለ ድምፅ «ወይዘሮ ሳናኤ፣ በሽታ ከሆነ ስሙን አምጪልኝ። ስም የሌለው ነገር ጠባይ ነው ይባላል» አላት። ሚያዝያ አንድ የሥራ ዝውውር አለ። እስከዚያ ስሙን ካላመጣች ከትራሙ ትወርድና ምድር ቤት ባለችው የጠፋ ዕቃ ክፍል ተቀምጣ ሰው የረሳውን ጃንጥላ ትጠብቃለች። በከተማችን የትራም እጀታ የጨበጡ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሳናኤ ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችውን ያን ቀን ከሱቄ ጀርባ፣ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያኔ ነው ሁሉን የነገረችኝ።

«እትዬ፣ ጃንጥላ አልጠብቅም» አለች። «ከሚያወርዱኝ ብሞት ይሻለኛል።»

«ሞኝ! ሟች አይተሽ ታውቂያለሽ ትራም ሲነዳ? ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ከጣቢያው ጀርባ ያለው ክሊኒክ ደስ የሚል ነው። ቀጠሮ አይፈልግም፣ ሙዚቃ አለው፣ ጫማ የሚያወልቁበት ቦታ እንኳ ጥሩ ጥሩ ይሸታል። ዶክተር ኩራሞቺ የሚባል አዛውንት ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ አስገብቶ ፊኛን ከውስጥ ያያል። በማደንዘዣ ቅባት ብቻ ነው፤ ገብተሽ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትወጫለሽ። መተኛት የለ፣ መጾም የለ። እኔም በልቤ ዘመናዊነት እንዲህ ነው እንጂ ብዬ አመሰገንኩ።

አንድ ነገር ግን ነበር፤ መጋረጃው። የእኛ አገር ሴት በዚያ ወንበር ላይ ስትወጣ ወንበሩ በራሱ ይዞራል፣ እግሯን ይከፍታል፣ ከወገቧ በላይ ደግሞ መጋረጃ ይጋረዳል። ሐኪሙ ፊቷን አያይም፣ እሷም ፊቱን አታይም። ለእፍረት ተብሎ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ጨዋ ሴት አለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ደግሞ የማንም እግር ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከውጭ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁት።

«አሁን ገባሁ። ያምዎታል?»

«አያመኝም። ይቅርታ።»

«ውሃ ትንሽ ልጨምርና ፊኛው ይወጠር። እንዴት ነው?»

«ችግር የለም። ይቅርታ።»

«እዚህ ጋ ስነካውስ?»

እዚህ ላይ ፀጥ አለ። ቀጥሎ የእህቴ ድምፅ መጣ፤ ፌርማታ ስትጠራ የምታወጣው ያ የጠራ ድምፅ፦ «ደህና ነኝ። ስላስቸገርኩዎ በጣም ይቅርታ።»

ስትወጣ ከንፈሯ ደም ቋጥሯል፤ ነክሳው ነበር። ዶክተር ኩራሞቺ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ፊኛ ነው። አንድ ቦታ ትንሽ ቀላ ያለች ነገር አለች፣ የካሜራው ቱቦ ጭረት ትሆናለች። ጭንቀት ይቀንሱ። ሞቅ ባለ ውሃ ገላ መታጠብ ጥሩ ነው» አለ። እሷም ጎንበስ ብላ አመሰገነችው።

መንገድ ላይ ጮህኩባት። አላፊ አግዳሚው ዞር ይበል እንጂ ማን ጉዳዩ።

«አመመሽ አላመመሽም?»

«አመመኝ።»

«ታዲያ ምን ዘጋሽ?»

«እትዬ፣ ሰውየው እየሠራ ነው እኮ። ቢጮኹበት ይደነግጣል።»

«ይደንግጣ! ደሞዙን የሚበላው ለዚህ አይደል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አንቺ ደግሞ ደብቀሽ ብቻ አልቀረሽም፣ ይቅርታ ጠየቅሽለት!»

እሷ ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ ሆዷን ያዘች። ንዴቴ ወዲያው ወደ ሐዘን ተገለበጠ። ይህቺ ልጅ በጨዋነቷ ልትሞት ነው አልኩ። እጇን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳት።

መጋቢት ሲገባ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ሆስፒታል ማለት ሌላ ዓለም ነው። ካርድ ለማውጣት ሰልፍ፣ ካርዱን ለማሳየት ሰልፍ፣ ሰልፉ የት እንደሆነ ለመጠየቅ ሰልፍ። እኔ ጥርሴን ሳፋጭ ሳናኤ ስትነሣ ስትቀመጥ፣ ወደ ሽንት ቤት ስትመላለስ ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ ዶክተር ኢሶቤ የምትባል፣ የስፖርት ጫማ የተጫማች፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት አስገባችን። ሳናኤን በዝምታ አየቻት። ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ታላቋ ነኝ። ማሱዮ እባላለሁ። አፏ እኔ ነኝ።»

«ዛሬ የራሷን አፍ ነው የምፈልገው» አለች። ወድጃት ቁጭ አልኩ።

ዶክተሯ ፊኛን የሚያዩበት መንገድ ሁለት እንደሆነ አስረዳችን። አንደኛው ክሊኒክ እንዳየነው ነው፤ በሽተኛዋ ነቅታ፣ በቅባት ብቻ። ሁለተኛው ሆስፒታል ተኝታ፣ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ፊኛዋ በውሃ እስኪወጠር ተሞልቶ ነው። ነቅታ ያን ያህል ቢሞሏት ማንም አይችለውም። ሲወጠርና ውሃው ሲለቀቅ የታመመው ቦታ ይደማል፣ ይታያል፤ እዚያው እንዳለች ቁስሉን በሙቀት ይተኩሱታል፣ ቁራጭ ወስደውም ይመረምሩታል።

«ታዲያ ይኼ ሁለተኛው ይሻላላ!» አልኩ። «ተኝታ ይቅርታ አትልም።»

ዶክተር ኢሶቤ ሳቋ አመለጣት። «ወይዘሮ ማሱዮ፣ ግማሹን አገኙት። የተኛ ሰው አይዋሽም፤ ግን አይናገርምም። የነቃ በሽተኛ ‹እዚህ ጋ› ይለኛል። የክሊኒኩ ምርመራ ትልቁ መሣሪያ ካሜራው አይደለም፣ የበሽተኛዋ አፍ ነው። አፏ ‹አያመኝም› ካለ፣ ያዩት ሐኪም ያቺን ቀይ ቦታ ጭረት ናት ብለው ቢያልፏት አልፈርድባቸውም።»

ሳናኤ አንገቷን ደፋች። የመኝታ አልጋ ደግሞ እስከ ግንቦት አይገኝም ተባለ። ዝውውሩ ሚያዝያ አንድ ነው። ይህን ሲነግሯት እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንዴት እንደተቆለፉ እኔ ነኝ ያየሁት። ግንቦት ላይ ስሙ ቢገኝ እሷ ምድር ቤት ገብታለች፤ ከዚያ ማንም አያወጣትም።

«ስለዚህ ዛሬ እንደነቁ እንይ» አለች ዶክተሯ። «ከረዱኝ ዛሬ ይገኛል። ካልረዱኝ አይገኝም። መጋረጃው ይጋረድ ወይስ ይከፈት?»

ሳናኤ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደሆነ አውቃለሁ፤ «እርስዎ እንደሚመችዎ» ልትል ነው። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ከብዶኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

«ይከፈት» አለች ሳናኤ። «መጋረጃውን ክፈቱልኝ። እትዬም እዚሁ ትቁም።»

ወንበሩ ዞረ። ራስጌዋ ቆሜ እጇን ያዝኩ። ከጎኗ ባለው ቴሌቪዥን ላይ የገዛ ፊኛዋ ውስጡ ታየ፤ ሮዝ፣ እርጥብ፣ ትንንሽ የደም ሥሮች ያሉበት። ዶክተሯ ቀና ብላ ፊቷን ታየዋለች፣ ወደ ምስሉ ትመለሳለች፣ ደግሞ ፊቷን ታያለች።

«ያምዎታል?»

«ደህና ነኝ» አለች ሳናኤ። ከንፈሯ ጥርሷ ውስጥ ገብቷል።

«ወይዘሮ ሳናኤ፣ ፊትዎን እያየሁት ነው። እርስዎ ትራም ሲነዱ ሐዲዱ ላይ ሰው ቢቆም ላለማስደንገጥ ብለው ደወል አይደውሉም?»

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራ አየች። ትንፋሽ ስባ፣ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፦

«ያማል!» አለች። «አሁን ያሉበት ቦታ አይደለም። ወደ ላይ ይሂዱ። ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ… ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ… እዚያ! ይቁሙ! እዚያ ጋ ያማል!»

ነጂዋ እሷ ሆነች፣ ዶክተሯ ተነጂ። ካሜራው በቆመበት ላይ ቀይ ነገር ነበር፤ ዙሪያውን ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣሉ። ዶክተር ኢሶቤ በቱቦው ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ሳናኤ እጄን አጥንቴ እስኪንቋቋ ጨመቀችው። «ሌላም አለ፣ በስተጀርባ!» አለች፤ እውነትም ነበረ። እኔ አልቅሼ፣ ስቄ፣ አጠገቤ የቆመችውን ነርስ ማቀፌን በኋላ ነው የነገሩኝ።

«ጭረት አይደለም» አለች ዶክተሯ። «ጀርም የሌለበት፣ ሥር የሰደደ የፊኛ ቁስለት ነው። ጠባይ አይደለም፣ ጭንቀትም አይደለም። ስም አለው፤ ስሙንም ዛሬውኑ ለአለቃዎ እጽፍለታለሁ።»

ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ሳናኤ ቆመችና «እትዬ፣ በጣም ጮህኩ?» አለችኝ።

«ወደቡ ድረስ ተሰምቷል።»

«ጥሩ» አለች፤ ራሷን ቀና አድርጋም ሄደች። ቶጋሺ ደብዳቤውን አንብቦ፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ፣ ስሟን ከዝውውሩ አወጣ። «ታክመሽ እስክትመለሺ የሕመም ፈቃድ ላይ ነሽ፤ ስትመለሺ ግን ለመንዳት ብቁ መሆንሽ ይታያል» አላት። «ይታያል» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም።

ግንቦት ላይ ተኛች። ክሊኒኩ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚጨርሰውን ሆስፒታሉ በቀናት ነው የሚሠራው፦ ደም ምርመራ፣ የልብ ምርመራ፣ ጾም፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ መጥቶ የጥርሷን ብዛት መጠየቅ፣ ክንዷ ላይ ስሟን ማሰር። ስሟንም በየደረሰችበት ይጠይቋታል፤ የታሰረው ላይ ተጽፎ እያለ! አጉረመረምኩ። ሳናኤ ግን በአልጋ ስትገፋ ሳቀችብኝ፤ «እትዬ፣ ምሳ የሚሸጥ ሰው የለም እንዴ ዛሬ?» ብላ።

ዶክተር ኢሶቤ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትወጣ ፎቶ አሳየችኝ። ፊኛዋ ሲወጠር ሌላ ሰው የሚይዘውን ግማሽ እንኳ አልያዘም፤ ውሃው ሲለቀቅ ሁለቱ ቁስሎች ተሰንጥቀው ደም ቁልቁል አፈሰሱ። ያን ሁሉ ጊዜ እህቴ «ይቅርታ» እያለች የሸፈነችው እዚያ ነበር፤ ተኝታ ሥጋዋ ተናገረው። «ነቅታ ካሳየችኝ ቦታ ሁለቱም አልተነቃነቁም» አለች ዶክተሯ። «በቀጥታ ሄጄ ተኮስኳቸው። ሦስተኛ የሚደማ ነገር ደግሞ አገኘሁ፤ እሱን በክሊኒክ ማንም አያየውም ነበር። ሁለቱም መንገድ የየራሱ ዓይን አለው።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተተኩሷል እንጂ አልተነቀለም። ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ እንተኩሰዋለን። ውሃ ትጠጣ፣ ሽንቷን አታምቅ።»

ቤት በገባች በሳምንቷ ጠዋት ልቀሰቅሳት ብሄድ ፀሐይ ፊቷ ላይ ወጥቶባት ተኝታለች። ሌሊቱን ሙሉ አልተነሣችም። ቁጭ ብዬ አየኋት። ስትነቃ መስኮቱን አይታ «ነጋ?» ስትለኝ፣ ለዚያ ጠዋት እግዜር ይመስገን፣ አፌ ሁሉ ጠፍቶብኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ሥራ የተመለሰችው በሰኔ ነው። የትራም ሾፌሮች ከመውጣታቸው በፊት በአለቃቸው ፊት ይሰለፋሉ። ተራ በተራ እየቆሙ፣ ስማቸውን፣ የሚወጡበትን መስመር፣ በመጨረሻም በታላቅ ድምፅ «ጤና፦ እንከን የለም!» ይላሉ። ይህ ከሾፌሩ አፍ ካልወጣ ትራሙ ላይ የሚሰካውን የመንጃ እጀታ አይጨብጥም። ወገቡ የተቆለመመ፣ ሲያስለው ያደረ፣ ሁሉም «እንከን የለም!» ብሎ ነው የሚወጣው። ሳናኤም ሥራ ከጀመረች ጀምሮ ብላዋለች። ያን ጠዋት የምሳ ሣጥኖቹን ልሰጥ ገብቼ ግድግዳው ሥር ቆምኩ።

ተራዋ ደረሰ። ነጭ ጓንቷን አጥልቃለች፣ ኮፍያዋ ቀጥ ብሏል።

«ሾፌር ሳናኤ ሙራኦካ። የወደብ መስመር። ጤና፦» ብላ ቆመች።

በይ ልጄ፣ እንከን የለም በይና ውጪ፣ ለዛሬ ብቻ ዋሺ አልኩ በሆዴ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

«ጤና፦ ሥር የሰደደ የፊኛ ሕመም አለብኝ» አለች ሳናኤ። «ታክሜያለሁ። ሊመለስ ይችላል። ዛሬ ለመንዳት ብቁ ነኝ፤ ሐኪሜም ፈቅዳለች። በወደቡ ጣቢያ ወርጄ ሽንት ቤት ደርሼ የምመለስበት ጊዜ ይሰጠኝ።»

ቶጋሺ ወደ ወረቀቱ፣ ከዚያ ወደ ጫማው አየ። «እ… ይታያል» አለ።

«‹ይታያል› ማለት ‹አይሆንም› ማለት ነው!» ብዬ ፈነዳሁ። «አቶ ቶጋሺ፣ እኔ ያንተን…»

«እትዬ፣ ዝም በይ» አለች ሳናኤ፣ ዞር ሳትል። «እኔ እየተናገርኩ ነው።»

ዝም አልኩ። ሾፌሮቹ ሁሉ እኔን አዩ፤ እኔ ዝም ስል አይተው አያውቁም።

«ከዛሬ ጀምሮ ነው የምፈልገው» አለችው። «ዛሬ ካልሆነ ነገም እዚሁ ቆሜ እጠይቃለሁ። ሐዲዱ ላይ አቁሜ ከምሮጥ እዚህ ብጠይቅ ለተሳፋሪውም ይሻላል።»

ቶጋሺ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «እሺ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ። ለወደቡ መስመር ሾፌሮች ሁሉ።»

ቀጣዩ ጎንዶ ነበር፤ ከሁሉም ሸምግሎ፣ ከሁሉም የሚኮራ፣ ሣጥኑን ሲቀበለኝ እንኳ የማያመሰግን። ደረቱን ነፋ። «ሾፌር ጎንዶ። የኮረብታው መስመር። ጤና፦ እን…» አለና ዋጠው። ሳናኤን አያት። «ጉልበቴ» አለ በቀስታ። «ግራው። ፍሬን ስረግጥ… ቆይቷል።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሳቁ ግን የፌዝ አልነበረም፤ ወዲያው ያው የሳቀው ሰው «የኔ ጆሮ ነው፤ ይጮኻል» አለ። ሌላው «ኪንታሮት!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቶጋሺ ብዕሩን ይዞ ማንን አስቀድሞ እንደሚሰማ ግራ ገባው፤ በስተመጨረሻ እሱ ራሱ እንቅልፍ እንደሌለው ተናገረ።

ሳናኤ እጀታዋን ይዛ ከሁሉም ቀድማ ወጣች፤ የእሷ ነገር አልቋላ። ሌሎቹ ትራሞች ያን ጠዋት ሁሉም ዘግይተው ወጡ።